«እውነተኛው» ወጥ የማን ነው?
(ስለ ካምቦዲያ ማዕድ የተጻፈ የታሪክ ማስታወሻ)

፩

ከአንድ ወር የካምቦዲያ ጉዞ ወደ ትምህርቴ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ወጥ ፍለጋ ወደ ሎዌል ከተማ ሄድኩ። ሎዌል በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የምትገኝ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿና በሴት ወዛደሮቿ ስሟ የተጠራ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የካምቦዲያ ስደተኞች መጠጊያ የሆነች ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፈለግሁት ወጥ ሳምሎር ኮርኮ ይባላል። በቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ገበሬ ቤት፣ ሰሌን ላይ ተቀምጬ የበላሁት ነው። ዓሣ፣ ያልበሰለ ፓፓያ፣ ዱባ፣ እኛ ሽፈራው የምንለው ዛፍ ቅጠል፣ ተቆልቶ የተፈጨ ሩዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕራሆክ የሚሉት የተብላላ ዓሣ ይገባበታል። ሽታው መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ ጣዕሙ ግን ከአፍ አይጠፋም።

በምግብ ቤቱ ዝርዝር የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የተጻፉት የታይላንድና የቻይና ምግቦች ነበሩ። የካምቦዲያው ምግብ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ተሸሽጎ አገኘሁት። ባለቤቲቱ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሴት ናቸው። በጉዞዬ እንደተማርኩት «ኦም» ብዬ ጠራኋቸው፤ ይህም በክሜር ቋንቋ ከወላጅ በዕድሜ ከፍ ለሚል ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከዚያም ሳምሎር ኮርኮ እንዲሠራልኝ ለመንኩና፣ ብዙ እንደማውቅ ሰው፣ «እውነተኛው ይሁንልኝ፤ እዚያው አገር እንደሚሠራው» ስል ጨመርኩ። ሴትዮዋ ፈገግ አሉ።

«የትኛውን እውነተኛ ነው የምትፈልገው፣ ልጄ? የእናቴን ከሆነ እኔም አላውቀውም። እናቴ ስትሞት ገና አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ በየቤቱ ወጥ መሥራት ተከልክሎ ነበር። እኔ ይህን የተማርኩት በታይላንድ ድንበር በስደተኞች ሠፈር ነው። አንዷ ሴት ከባታምባንግ፣ አንዷ ከካምፖት፣ አንዷ ከፕኖም ፔን ነበሩ። ሦስቱም በአንድ ድስት ላይ ቆመው “እንዲህ አይደለም የሚሠራው!” እያሉ ይጣሉ ነበር።»

በየቤቱ ወጥ መሥራት ተከልክሎ ነበር። ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ እንደመሆኔ ስለ ክሜር ሩዥ አገዛዝ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የሟቾቹን ቁጥርም አውቃለሁ። ነገር ግን ታሪኩን ከድስቱ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። በእኔ ጥያቄ ውስጥ የነበረው «እውነተኛ» የሚለው ቃልም ምን ያህል የከበደ ታሪክ እንዳለው የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም፣ ነገሩ ውጭ አገር ተቀምጠን ስለ ሕዝባችን የምንጽፈውን ተማሪዎች በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ነው።

፪

በመጀመሪያ ማዕዱ ራሱ ከየት መጣ? በ1296 እና በ1297 በአንግኮር የቆየው የቻይና መልእክተኛ ዦው ዳጉዋን ስለ ተራው ሕዝብ ቤት ሲጽፍ፣ ጠረጴዛም ወንበርም እንደሌለ፣ ሩዙ በሸክላ ድስት እንደሚበስል፣ ድስቱም በመሬት ላይ በተተከሉ ሦስት ድንጋዮች ላይ እንደሚጣድ፣ ጭልፋውም የኮኮናት ቅርፊት እንደሆነ ተርኮልናል። ሦስቱን ድንጋይ እኛ ጉልቻ እንላቸዋለን፤ ቤት መመሥረትንም በእነርሱ እንሰይማለን። በዚያው ዘመን አካባቢ በተሠራው በባዮን ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይም የገበያና የማብሰያ ቤት ሥዕሎች በድንጋይ ተቀርጸው እስከ ዛሬ ይታያሉ።

የዚህ ማዕድ ምሰሶ ሐይቁ ነው። ቶንሌ ሳፕ በበጋ ስፋቱ ከጣና ብዙም አይርቅም። ክረምት ሲገባ ግን የሜኮንግ ወንዝ ይሞላና ከሐይቁ የሚወጣውን ወንዝ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ውሃው ፊቱን አዙሮ ወደ ሐይቁ ይፈሳል፤ ሐይቁም አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሰፋል። ጫካው በውሃ ሲዋጥ ዓሣው በዛፎቹ መካከል ይራባል። ውሃው ተመልሶ ሲጎድል፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት፣ ዓሣ በገፍ ይያዛል። ከሩቅ አውራጃ ሳይቀር ገበሬዎች በበሬ ጋሪ ሩዝ ጭነው እየመጡ በዓሣ ይለውጡ ነበር። ዓሣው ይጨፈለቃል፣ በጨው ይታሻል፣ በፀሐይ ይሰጣል፣ ከዚያም በጋን ታሽጎ ይብላላል። እነሆ ፕራሆክ ይህ ነው፤ ሥጋ ለማይገዛው ድኻ ገበሬ የዓመት ስንቅ። ብዙዎች እንደሚሉት የአገሪቱ ገንዘብ ሪዬል እንኳ ስሙን የወሰደው ከዚያች የሐይቅ ትንሽ ዓሣ ነው።

ዳሩ ግን ይህ ማዕድ ከውጭ ያልተነካ ንጹሕ ማዕድ አልነበረም። የኑድሉ ሾርባ ከደቡብ ቻይና ስደተኞች ጋር መጣ። ረጅሙ ነጭ ዳቦ በ1863 የጀመረው የፈረንሳይ ጥበቃ አገዛዝ ቅርስ ነው። ቃሪያው ከአሜሪካ አህጉር ተነሥቶ በፖርቱጋል መርከቦች ወደ እስያ የተሻገረ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ ነበር። የኛም በርበሬ ከዚያው አህጉር የመጣ መሆኑን ስናስታውስ፣ ከኮሎምበስ በፊት የነበረ «እውነተኛ» ቀይ ወጥ እንዳልነበረ ለመገመት አያዳግትም። የካምቦዲያን ማዕድ የካምቦዲያ ያደረገው የእያንዳንዱ ነገር የትውልድ ቦታ አይደለም። ጠጅ ሣሩን፣ እርዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የዝንጅብል ዘመድ የሆነውን ሥርና የሎሚውን ቅጠል በሙቀጫ ወቅጣ ክሩንግ የሚባለውን ቅመም የምታዘጋጀው ሴት እጅ ነው። ልጇም አጠገቧ ቆማ ታያለች፤ ትምህርቱ ይህ ነው።

፫

አሁን ከሐይቁ ዳር ወደ ፓሪስ እንሻገር፤ የዚህ ማዕድ ዕጣ ከተጻፈባቸው ቦታዎች አንዱ የተማሪዎች ክፍል ነውና።

በ1949 ሳሎት ሳር የሚባል ወጣት የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ አግኝቶ የሬዲዮ ኤሌክትሪክ ሙያ ሊማር ፓሪስ ገባ። በትምህርቱ አልገፋም፤ ፈተና ወደቀ፤ ዕርዳታው ተቋረጠበት፤ በ1953 መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመለሰ። በቆይታው ግን በካምቦዲያ ተማሪዎች የንባብና የውይይት ክበብ ውስጥ ነበረ። በ1952 ተማሪዎቹ በሚያሳትሙት «የክሜር ተማሪ» በሚባል መጽሔት ላይ የንጉሡን አገዛዝ ከዴሞክራሲ ጋር እያነጻጸረ የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣ። በራሱ ስም አልፈረመም። የብዕር ስሙ «ክሜር ዳኦም» ነበር፤ ትርጉሙም «ጥንተ ክሜር»፣ «ዋናው ክሜር» ማለት ነው። ይህ ሰው በኋላ ዓለም ያወቀው ፖል ፖት ነው።

በዚያው ክበብ ዙሪያ ከእሱ እጅግ የተሻሉ ተማሪዎችም ነበሩ። ሁ ዩዎን በ1955 ስለ ካምቦዲያ ገበሬዎች፣ ኪዩ ሳምፋን በ1959 ስለ አገሪቱ ኢኮኖሚና ኢንዱስትሪ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በፈረንሳይ አቅርበዋል። ገበሬው በአራጣ አበዳሪና በነጋዴ እንዴት እንደሚመዘበር በቁጥር ያሳዩ ጽሑፎች ናቸው። በቅን ልቦና የተጻፉ መሆናቸውን ለመካድ አልደፍርም። የቅኝ አገዛዝ ግፍና የገበሬው ድህነት ፈጠራ አልነበሩም። ነገር ግን ገበሬውን በጥናት ያወቀ ሰው የገበሬዋን ድስት አወቀ ማለት አይደለም። «ዋናው ክሜር» ነኝ ብሎ የፈረመውም ተማሪ፣ ከሌሎቹ ክሜሮች ውስጥ ዋና ያልሆኑ እንዳሉ በዚያው ፊርማ ተናግሮ ነበር። ያን ጊዜ ግን ማንም ልብ አላለውም።

፬

በማርች 1970 ልዑል ሲሃኑክ ከሥልጣን ተገለበጡ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ጋየ። አሜሪካ ከ1969 እስከ ኦገስት 1973 በካምቦዲያ ገጠር ላይ ከአምስት መቶ ሺህ ቶን የማያንስ ቦምብ ጣለች። ገበሬው ማሳውን ጥሎ ወደ ፕኖም ፔን ጎረፈ፤ ከተማዋ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተሸከመች፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የምትበላው በአውሮፕላን የሚመጣ ሩዝ ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን 1975 ክሜር ሩዥ ገባ። ከተማዋን በጥቂት ቀናት ባዶ አደረጋት። ሕዝቡንም ከሁለት ከፈለው፦ በገጠር በአብዮቱ ሥር የቆየው «ነባር ሕዝብ» ተባለ፤ ከከተማ የወጣው «አዲስ ሕዝብ»። «ጥንተ ክሜር» የሚለው የብዕር ስም የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ።

ገንዘብ ተሻረ፤ የብሔራዊ ባንኩ ሕንፃ በፈንጂ ፈረሰ። ገበያ ተዘጋ። ከ1976 ጀምሮ የጋራ መመገቢያ በአገሪቱ ተስፋፋ። ድስቱ፣ መጥበሻውና ሙቀጫው ከየቤቱ ተሰብስቦ «አንግካር» ማለትም «ድርጅቱ» ለሚባለው ንብረት ሆነ። በቤት እሳት ማንደድ ወንጀል ነበር። ከጫካ ሥር መቆፈር፣ ከወንዝ ዓሣ ማጥመድ፣ ከማሳ ዳር ቀንድ አውጣ መልቀም የጋራ ሀብት መስረቅ ተባለ፤ ለሞት ያበቃ ነበር። በዓሣ በተሞላ አገር ላይ ሕዝቡ የሚጠጣው ጥቂት የሩዝ ፍሬ የሚንሳፈፍበትን ቀጭን ገንፎ ነበር።

በዚያው ዓመት የፓርቲው መሪዎች የአራት ዓመት ዕቅድ ጽፈዋል። ከእያንዳንዱ ሄክታር ሦስት ቶን ሩዝ እንዲገኝ ያዛል፤ ለሰው በዓመት 312 ኪሎ ሩዝ ይመድባል። ከዚያም አልፎ ጣፋጭ ምግብ ሳይቀር በሠንጠረዥ ያስቀምጣል፦ በ1977 በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በ1978 በየሁለት ቀኑ፣ በ1979 በየቀኑ። ይህን ዕቅድ በቤተ መጻሕፍት ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጸሐፊዎቹ ሕዝቡ እንዲጠግብ አስበው ነበር ቢባል እንኳ፣ ማሳው ሦስት ቶን ሊሰጥ አልቻለም። የአውራጃ ኃላፊዎች ለሕይወታቸው ፈርተው ተገኘ ብለው ሪፖርት አደረጉ። ድርሻው በሌለ ምርት ላይ ተሰልቶ ከእውነተኛው ምርት ተወሰደ፤ ሩዝ ወደ ውጭ ሲላክ አብቃዩ ተራበ። የፓርቲው ካድሬ ወረቀቱን ሲያምን ሕዝቡ ሆዱን አመነ፤ ሆዱን ያመነ ደግሞ «ጠላት» ተባለ።

ከ8 ሚሊዮን ከማይበልጥ ሕዝብ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚሆነው በረኃብ፣ በበሽታ፣ በሥራ ብዛትና በግድያ አለቀ። ከሞቱት መካከል የአያቶችና የእናቶች ቁጥር ቀላል አልነበረም። እያንዳንዷ የያዘችው ሙያ አብሯት ተቀበረ። ሁ ዩዎን ከ1975 በኋላ ከአደባባይ ጠፍተው ቀሩ። ፖል ፖት በኤፕሪል 1998 ሞተ። ኪዩ ሳምፋን ግን በ2018 በዘር ማጥፋት ወንጀል ተፈርዶባቸው ፍርዱ በ2022 በይግባኝ ጸና። ስለ ገበሬው ኢኮኖሚ የጻፉት ምሁር ታሪካቸው በዕድሜ ልክ እስራት ተዘጋ።

፭

ጃንዋሪ 7 ቀን 1979 የቬትናም ጦር ፕኖም ፔንን ሲይዝ በሕይወት የተረፈው ሕዝብ በየመንገዱ ቤተሰቡን መፈለግ ጀመረ። ብዙው ወደ ታይላንድ ድንበር ተጓዘ። በኖቬምበር 1979 የተከፈተው የካዎ ኢ ዳንግ ሠፈር በጥቂት ወራት ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ያዘ። ባለ ምግብ ቤቷ ሴት ወጥ የተማሩት እንዲህ ባለ ሠፈር ነው። የዕርዳታ ሩዝ፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ጨውና ዘይት ይታደላል፤ ቅመሙን በአጥር ሥር ይዘራሉ። ሦስቱ ሴቶች በአንድ ድስት ላይ የተጣሉት ቀልድ አይደለም፤ የሦስት አውራጃ ሙያ ከሞት ተርፎ የሚከራከርበት ሸንጎ ነበር።

ወደ አሜሪካ ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ ተሻገሩ። በካሊፎርኒያ በሎንግ ቢች ቀድመው የሰፈሩት ከጦርነቱ በፊት ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ነበሩ፤ ስደተኛው እነሱን ተከትሎ መጣ፤ ሠፈሩም በ2007 «ካምቦዲያ ከተማ» የሚል ስም በይፋ አገኘ። ነገር ግን ስደተኛው ለኑሮው የሸጠው የራሱን ምግብ አልነበረም። በ1975 የመጣው ቴድ ንጎይ የአሜሪካኖቹን ዶናት መጋገር ተማረና ለወገኖቹ አስተማረ፤ ከዚያም በደቡብ ካሊፎርኒያ ከሚገኙት የግል ዶናት ቤቶች አብዛኞቹ በካምቦዲያውያን እጅ ገቡ። ሌላው ደንበኛ የሚያውቀውን የታይላንድና የቻይና ስም በሰሌዳ ላይ ሰቀለ። የዲፕሎማት ባለቤት የነበሩት ሎንግቴይን ደ ሞንቴይሮ በ1991 በማሳቹሴትስ በሶመርቪል ከተማ የካምቦዲያን ምግብ በስሙ ሲያቀርቡ፣ ከጎኑ የፈረንሳይን ምግብ ማስቀመጥ አስፈልጓቸው ነበር።

የሎዌሏ ሴት እንደነገሩኝ እነሱ በመጡበት ጊዜ ጠጅ ሣር አይገኝም ነበር፤ በሎሚ ልጣጭ ተኩ። የሐይቁ ዓሣ ስለሌለ የባሕር ዓሣ በጨው አሽተው አብላሉ፤ ጎረቤት በሽታው ከሰሰ። ሽፈራው ስላልነበረ በስፒናች ተኩ። በኋላ ሁሉም ነገር በገበያ ሲገኝ ልጆቻቸው የለመዱት በስፒናች የተሠራውን ሆነና እሱኑ «የእማዬ ወጥ» አሉት። እኛ ለዚህ ባዕድ አይደለንም። በአሜሪካና በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞቻችን ጤፍ አጥተው በስንዴ፣ በገብስና በሩዝ ዱቄት እንጀራ ጋግረዋል፤ ጤፍ በአይዳሆ ከበቀለ በኋላም ድብልቁ አልቀረም። በእሱ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ሲቀርብለት «ይህ የኛ አይደለም» ቢል ማን ይፈርድበታል?

በአገር ቤትም ቢሆን የቀረው እንዳለ የቀረ አይደለም። በአገዛዙ ዘመን የካምፖት ቁንዶ በርበሬ ተክል ጠፍቶ፣ ከተረፈው ጥቂት ገበሬዎች እንደገና አስፋፉት፤ በ2010 ስሙ በሕግ ተጠበቀ። ዛሬ እንግዳው በፕኖም ፔን «ጥንታዊ» ብሎ የሚበላው ምግብ ከ1979 በኋላ ከትዝታ የተሰበሰበ ነው። እኔ በሐይቁ ዳር የበላሁትም ያው ነው። ያበሰለችልኝ ሴት ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ከማን እንደተማረች እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

፮

ይህ ሁሉ እኛን በምን ይመለከተናል? በሰሜን አሜሪካ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች «ቻሌንጅ» በሚባለው መጽሔታቸው ስለ ጭሰኛው ጽፈዋል፤ በ1965 በአዲስ አበባ «መሬት ለአራሹ» ሲባል ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ በ1973 የወሎ ረኃብ ሲደበቅ ዝም ያላሉት ተማሪዎች ታሪክ የሚያከብራቸው ናቸው። የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ የሆነው በማርች 1975፣ ፕኖም ፔን ከመውደቋ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሁለቱን አብዮቶች ማመሳሰል አግባብ አይደለም፤ መንገዳቸውም ውጤታቸውም የተለያየ ነው። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ በሰፈራ ሲጋዝ፣ በመንደር ምሥረታም የገበሬው ጎጆ ፈርሶ በመስመር ሲተከል፣ ሠንጠረዡን የነደፉት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ጉልቻዋ የተነቀለባትን ሴት የጠየቃት አልነበረም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ይህን አባባል ስለ መንግሥታት መለዋወጥ ደጋግመን ጽፈነዋል፤ እኔም ጽፌዋለሁ። ከካምቦዲያ የተማርኩት ግን ከዚያ የቀደመ ነገር ነው፤ ጉልቻውን ከነድስቱ የሚነቅል አለ፤ የሚነቅለውም «ዋናውን ሕዝብ» አውቃለሁ በሚል ሰው ስም ነው። ዛሬም ከስደት የምንጽፈው ሁሉ፣ በየትኛውም ጎራ ብንሆን፣ «እውነተኛው ኢትዮጵያዊ»፣ «ትክክለኛው ሕዝብ»፣ «የጥንቱ ማንነት» የሚሉ ቃላት በብዕራችን ጫፍ ላይ ናቸው። በስብሰባችን ስንት ጊዜ ሰውን በዚህ ሚዛን መዝነን አቅልለናል? ከከተማ የተወለደውን፣ ቅልቅሉን፣ ቋንቋው የተሰበረውን፣ ውጭ ያደገውን «አዲስ ሕዝብ» ያላልንበት ቀን አለን? ፖል ፖትም በመጀመሪያ እንደኛ የተማሪ መጽሔት ላይ የሚጽፍ ወጣት ነበር። ይህን የምለው ብዕራችንን እንድንጥል አይደለም። ግፍ ባለበት ዝምታ ወንጀል ነው። ነገር ግን ስለ ሕዝቡ ከመጻፋችን በፊት ድስቱ ላይ የቆመችውን እንጠይቃት፤ ከማን እንደተማረች፣ ምን እንዳጣች፣ በምን እንደተካች።

ሳምሎሩ ቀረበልኝ። ስፒናች ነበረበት፤ ፕራሆኩም በሐይቁ ዳር ከቀመስኩት ለዘብ ያለ ነበር። ሴትዮዋ ከፊቴ ተቀምጠው ስለ አገሬ ምግብ ጠየቁኝ። ስለ እንጀራ ነገርኳቸው፤ ክፍሌ ውስጥ ከጤፍ፣ ከገብስና ከስንዴ ቀላቅዬ እንደምጋግረው፣ ዓይኑም አንዳንዴ እንቢ እንደሚለኝ። «ታዲያ የአንተስ እውነተኛ ነው?» አሉኝ። «የእኔ ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተጨማሪ ሩዝ ሊያመጡልኝ ተነሡ።